158 ሴንቲ ሜትር፦ ብስክሌት የታጠፈበት ምክንያት

ከባሕር ማዶ ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ሁሉ 23 የምትባለውን ቁጥር በቃሉ ያውቃታል። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት የእጅ ሚዛን ይወጣል፤ ሻንጣው ይንጠለጠላል፤ ሁለት ኪሎ ያህል ጫማ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይዛወራል። በዚያው የአየር መንገድ ደንብ ውስጥ የተጻፈችው ሁለተኛዋ ቁጥር፣ 158፣ ግን እምብዛም ትኩረት አታገኝም። የአንድ ሻንጣ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት በሴንቲ ሜትር ሲደመር ሊያልፋት የማይገባ ጣሪያ ናት፤ በአሜሪካውያን ልክ 62 ኢንች። በገበያ ላይ ያለው ሻንጣ አብዛኛው ቀድሞውኑ በእርሷ ልክ ስለሚሠራ መንገደኛው ሳያውቃት ይታዘዝላታል።

በብስክሌት ተራራ ለመውጣት አገር የሚያቋርጡ ሰዎች ግን ቁጥሯን እንደ ዳዊት ይደግሟታል። ምክንያቱ የስሌት ጉዳይ ነው። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል የተራራ ብስክሌት መለያ ሆኖ የኖረው ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ነፋስ ተሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 66 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ጎማ የሚይዝ ሣጥን ቁመቱም ስፋቱም ከ66 ማነስ አይችልም። ሁለቱ ሲደመሩ 132 ይሆናሉ፤ ከ158 ሲቀነስ 26 ይቀራል። ሁለቱ ጎማዎች፣ ቴላዮው፣ መሪው፣ ፔዳሎቹ፣ ኮርቻውና ሰንሰለቱ ሁሉ ከአንድ ስንዝር እምብዛም በማይበልጥ ውፍረት ውስጥ መግባት አለባቸው።

የተጣጣፊ ብስክሌት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ፈጣሪዎች ታሪክ ነው፤ ጋራዥ፣ የመኝታ ክፍል፣ ብቸኛ መሐንዲስ፣ ድንገት የመጣ ሐሳብ። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ዋናውን ጥያቄ ያልፈዋል። ብስክሌት በመንገድ ላይ እስካለ ድረስ መታጠፍ አያስፈልገውም። እንዲያውም ማጠፊያ ለጋላቢው ኪሳራ ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ ቴላዮውን ያላላል፣ ዋጋውን ያንራል። መታጠፍ የሚያስፈልገው ብስክሌቱ የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ማጓጓዣ በር ላይ ሲደርስ ነው፤ ከባቡር፣ ከአውሮፕላን ወይም ከአውቶቡስ በር። እንግዲህ የማጠፊያው ታሪክ የበሩ ታሪክ ነው፤ በሩን ማን ለካው፣ ከልኩ በላይ ለሆነው ማን ከፈለ፣ ልኩንስ ማን ማስቀየር ቻለ የሚለው ነው።

ሕግ ያወጡትና ብረት ያጠፉት

በ1890ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት እኩል ጎማ፣ ሰንሰለትና በነፋስ የሚሞላ ካላማዳሪ ያለው ብስክሌት የአሜሪካንና የአውሮፓን መካከለኛ መደብ ማርኮ ነበር። የከተማ ሰው እሑድ እሑድ ወደ ገጠር መጋለብ ፈለገ፤ ከከተማ የሚያወጣው መንገድ ግን ጭቃ ነበርና ብስክሌቱን በባቡር ጭኖ መሄድ የተሻለ ሆነ። የባቡር ኩባንያዎቹ ለዚህ አዲስ ጓዝ ክፍያ ጠየቁ። ምክንያታቸው ተራ ስግብግብነት ብቻ አልነበረም። ብስክሌት እንደ ሣጥን አይደረደርም፤ ፔዳሉ የሰው ሻንጣ ይቧጭራል፤ እሑድ ማለዳ ደግሞ በመቶዎች ሆኖ ይመጣል። ብስክሌተኛውም በበኩሉ፣ ብዙ ኪሎ የሚመዝን የልብስ ሣጥን ይዞ የሚሄደው መንገደኛ በነጻ ሲያልፍ እኔ ለዐሥራ ጥቂት ኪሎ ብረት ለምን እከፍላለሁ ሲል ይሟገት ነበር።

የአሜሪካ ብስክሌተኞች ማኅበር፣ በ1880 በሮድ አይላንድ ኒውፖርት የተመሠረተው ሊግ ኦቭ አሜሪካን ዊልመን፣ ክርክሩን ወደ ሕግ አውጪዎች ወሰደው። አባላቱ ብዙ፣ የተማሩና ድምፅ ሰጪ ነበሩ፤ ለፖለቲከኛ ከዚህ የሚጥም ስብስብ የለም። በ1896 የኒውዮርክ ግዛት አርምስትሮንግ በሚል ስም የታወቀውን ሕግ አጸደቀ፤ የባቡር ኩባንያዎች የመንገደኛን ብስክሌት እንደ ማንኛውም ጓዝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጭኑ ተገደዱ። ብስክሌቱ አንድ ብሎን አልተነካበትም። የተለወጠው ደንቡ ነው።

በዚያው ዓመታት በፈረንሳይ አልፕስ ግርጌ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሄንሪ ጄራር የተባለ የእግረኛ ጦር መኮንንና ቻርልስ ሞሬል የተባለ የግሮኖብል አካባቢ ባለ ኢንዱስትሪ በመካከሉ የሚታጠፍ ብስክሌት ሠሩ። ሲታጠፍ ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ይገጥማሉ፤ ወታደሩም በማንገቻ ጀርባው ላይ አዝሎት አጥርና ቦይ ይሻገራል፣ ገደል ይወጣል። ጄራር ሊከራከረው የሚችል ኩባንያ አልነበረም። በሩ ተፈጥሮ ራሷ ነበረችና ቦይን በፓርላማ ማስቀየር አይቻልም። ጣሊያኖችም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለቤርሳሊዬሪ ክፍለ ጦር በቢያንኪ ፋብሪካ የተሠራ ተጣጣፊ ብስክሌት አሰለፉ። ድፍን ጎማና አሞርዛተር ያለው ይህ ብስክሌት፣ አንዳንዶች እንደሚሉት፣ የተራራ ብስክሌት የሩቅ አያት ነው። ካሊፎርኒያውያን ወጣቶች ከማሪን ተራራ ቁልቁል መብረር ከመጀመራቸው ስድሳ ዓመት በፊት፣ ማጠፊያና ድንጋያማ መንገድ በአንድ ማሽን ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሩን ከቦይ ወደ አውሮፕላን አዛወረው። የበርሚንግሃሙ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ቢ.ኤስ.ኤ. ከ1942 እስከ 1945 ባለው ጊዜ 70,000 ያህል ተጣጣፊ ብስክሌቶችን ለብሪታንያ ጦር አመረተ። በሁለት የእጅ ብሎኖች የሚከፈት ማጠፊያ፣ ወደ ውስጥ የሚገፋ የፔዳል ዘንግ፣ በጃንጥላ ተንጠልጥሎ መሬት ሲመታ መሪውና ኮርቻው ቀድመው አደጋውን እንዲቀበሉ የታሰበ አወራረድ ነበረው። በ1944 ሰኔ ኖርማንዲ የወረዱት የካናዳ ወታደሮች ከጀልባ ሲወጡ በትከሻቸው የሚታዩት እነዚሁ ናቸው። ጦሩ ዋጋ አልጠየቀም፤ ምቾትም አልጠየቀም፤ የጠየቀው በበሩ ማለፉን ብቻ ነው። ማጠፊያ በብዛት የተመረተው ደንቡን መጠየቅ በማይቻልበት ተቋም ውስጥ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

መውጣትና ድምፅ

በ1933 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የወጣው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልበርት ሂርሽማን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በናይጄሪያ የባቡር ሐዲድ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። ከሰሜን ወደ ወደቦቹ ኦቾሎኒ የሚያጓጉዘው ባቡር አገልግሎቱ ደካማ ነበር። የጭነት መኪኖች ተፎካካሪ ሆነው መጡ፤ የተለመደው ትምህርት እንደሚለው ከሆነ ፉክክሩ ባቡሩን ማንቃት ነበረበት። አላነቃውም። ይልቁንም በአገልግሎቱ በጣም የተማረሩት፣ ጩኸታቸው ሊሰማ ይችል የነበረው ነጋዴዎች፣ ጭነታቸውን ወደ መኪና አዛወሩ፤ የባቡሩ አስተዳደርም ከነቀፋ ተገላገለ። ሂርሽማን በ1970 ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የተጸነሰው ከዚህ ትዝብት ነው። በድርጅት ቅር የተሰኘ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ መውጣት ወይም ድምፅ ማሰማት። መውጣት ሲቀል ድምፅ ይደክማል። (ሁለቱ ቃላት ለስደተኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አይሹም።)

ተጣጣፊ ብስክሌት በዚህ መነጽር ሲታይ ያልተለመደ የመውጫ ዓይነት ነው። ባለቤቱ ማጓጓዣውን ትቶ አይሄድም፤ በባቡሩ ይሳፈራል፣ በአውሮፕላኑ ይበራል። ጥሎ የሚወጣው ከደንቡ ብቻ ነው፤ ብስክሌቱን ሻንጣ አድርጎ። ከደንቡ የወጣ ሰው ደግሞ ደንቡን የሚቃወምበት ምክንያት አይኖረውም።

ለንደን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ሙሉ ብስክሌትን በጥልቁ ዋሻ ክፍሎች አይቀበልም፤ በሚቀበልባቸው መስመሮችም ቢሆን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በሩን ይዘጋል። የታጠፈ ብስክሌት ግን በየትኛውም መስመር በማንኛውም ሰዓት ያልፋል። አንድሩ ሪቺ የተባለው የካምብሪጅ ምሩቅ መሐንዲስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ቢከርተን በሚል ስም ይሸጥ የነበረውን የአሉሚኒየም ተጣጣፊ ብስክሌት ተመልክቶ የተሻለ መሥራት እንደሚችል አመነ። ሙከራውን የጀመረው በመኖሪያ ክፍሉ ውስጥ ሲሆን፣ በመስኮቱ ትይዩ የሚታየው የብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን ለብስክሌቱ ስም ሰጠው። ዐሥር ወዳጆቹ እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጡለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለምጣኔ ሀብት ተማሪ ከማጠፊያው ይልቅ ይጥማል። የዘመኑ ግዙፍ አምራች ራሌይ ሐሳቡን ተመልክቶ አልተቀበለውም። በ1981 ሠላሳ ሰዎች ገና ላልተሠራ ብስክሌት ገንዘባቸውን ቀድመው ከፈሉ፤ በዚያ ገንዘብ 50 ብስክሌት ተሠራ። ጥቂት መቶዎች ከተሸጡ በኋላ ምርቱ ቆመ። ባንክ ለእንዲህ ያለ ሥራ ብድር የሚሰጥ አልነበረም፤ ከደንበኞቹ አንዱ የነበረው የድምፅ መሣሪያዎች አምራች ጁልያን ቬርከር ለብድሩ ዋስ እስኪሆን ድረስ ዓመታት አለፉ። መደበኛው ምርት በ1988 በብሬንትፎርድ በባቡር ድልድይ ቅስት ሥር ሲጀመር የመጀመሪያው ሐሳብ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። ብስክሌትን የማያሳፍሩ ባቡሮች ከላይ ያልፋሉ፤ ከሥራቸው መልሱ ይበየዳል። በ2022 ድርጅቱ ሚሊዮነኛውን ብስክሌት አመረተ።

የእነዚያ ሰዎች ትዕግሥት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የብሮምፕተን ዋጋ ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ይህን መክፈል የሚችለው የለንደን ሠራተኛ፣ የባንክ ባለሙያው፣ ጠበቃው፣ የመንግሥት አማካሪው፣ ማለትም አቤቱታው ጋዜጣ ላይ ሊወጣ፣ ለምክር ቤት አባል የሚጽፈው ደብዳቤ መልስ ሊያገኝ የሚችለው ሰው፣ ብስክሌቱን በሃያ ሴኮንድ አጥፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድ የድሮ ብስክሌት ያላት የጽዳት ሠራተኛ በሩ ላይ ቀርታለች። የናይጄሪያው ኦቾሎኒ ነጋዴ ታሪክ ይህ ነው። በ1896 የኒውዮርክ ብስክሌተኞች ጥሩ ማጠፊያ ቢኖራቸው ኖሮ ያ ሕግ ይጸድቅ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተራራውን በሻንጣ

የከተማው መፍትሔ ትንሽ ጎማ ነበር። ተራራ ግን ትንሽ ጎማ አይወድም። አንድ ጎማ ድንጋይ ሲገጥመው የሚወጣበት ማዕዘን በስፋቱ ይወሰናል፤ ትልቁ ተንከባሎ የሚያልፈውን ድንጋይ ትንሹ እንደ ግድግዳ ይጋጨዋል። ስለዚህ ተጣጣፊ የተራራ ብስክሌት የሚለው ስም ራሱ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ያጣመረ ነው፤ በመንገዱ ላይ ትልቅ፣ በበሩ ላይ ትንሽ መሆን።

የዋሽንግተኑ አርክቴክት ሃሪ ሞንታግዩና በኤም.አይ.ቲ. የተማረው ልጃቸው ዴቪድ በ1980ዎቹ ያቀረቡት መልስ ብልሃተኛ ነው። ቴላዮውን መሃሉ ላይ ቆርጦ ማጠፊያ ማስገባት ያዳክመዋልና፣ የኋላው ክፍል በኮርቻው ቱቦ ዙሪያ እንዲዞር አደረጉ፤ የፊት ጎማው ይፈታና ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ጋላቢው ባለ 26 ኢንች ጎማ ያለው እውነተኛ የተራራ ብስክሌት አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ለጦር የሚሆነውን ሞዴል እንዲያዘጋጁ ድጋፍ ሰጥቷቸዋል፤ ፓራትሩፐር የሚል ስም የተሰጠው ብስክሌት ከዚያ ወጥቶ ለሲቪል ገበያም ቀረበ። የቢ.ኤስ.ኤ. የልጅ ልጅ ሆነ ማለት ነው። ታጥፎ ሲለካ ግን 91 በ71 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሲደመር ከ190 ያልፋል። በመኪና የኋላ ሣጥን ውስጥ በምቾት ይገባል፤ አየር መንገዱ መስኮት ላይ ግን ከልክ በላይ ነው። እያንዳንዱ ማጠፊያ የሚታወቀው በሚያልፍበት በር ነውና የሞንታግዩ በር የመኪና በር ነበር።

ለአውሮፕላኑ በር የተሠሩት ሌሎች ናቸው። በ1992 በኦሪገን ዩጂን ሥራ የጀመሩት የሾልዝ ወንድማማቾች፣ ባይክ ፍራይዴይ በሚል ስም፣ ባለ 20 ኢንች ጎማ የጉዞ ብስክሌት በተለመደ ጠንካራ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ሠሩ። የሻንጣው ዕጣ ከብስክሌቱ ይልቅ አስደናቂ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ብስክሌቱ ወጥቶ ሲገጣጠም፣ ባዶው ሻንጣ ከሥሩ ሁለት ጎማ ተገጥሞለት ተጎታች ጋሪ ይሆናል። ሻንጣው የተሸከመው ብስክሌት መልሶ ሻንጣውን ይጎትታል። በዚያው ዐሥርት ዓመት አንድ የካሊፎርኒያ አነስተኛ የማሽን ፋብሪካ፣ ኤስ ኤንድ ኤስ፣ ማጠፊያውን ጨርሶ ትቶ የቴላዮ ቱቦዎችን በጥርስና በሚሽከረከር ቀለበት የሚያገጣጥም መጋጠሚያ አወጣ። ብስክሌቱ ለሁለት ይከፈላል። የሚገባበት ሣጥን ልክ 26 በ26 በ10 ኢንች ነው። ድምሩ 62። እዚህ ላይ ደንቡ መሐንዲስ ሆኗል፤ ሰዎቹ ረቂቁን ብቻ ነው የጨረሱት።

በዚህ ዓይነት ብስክሌት የሚጓዝ ሰው የሚከፍለው በዶላር ብቻ አይደለም። ማሸጉ ለለመደው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ላለመደው ግማሽ ቀን። የግራው ፔዳል ብሎን ከሌላው ሁሉ በተቃራኒ የሚዞር መሆኑን የረሳ ሰው ሲፈታው እያጠበቀው ይታገላል። የጎማው ነፋስ መውጣት አለበት፤ ቱቦዎቹ አንዱ ሌላውን እንዳይፍቁ በጨርቅ ይጠቀለላሉ፤ እጅ በግራሶ ይጠቁራል። ከዚያም የጸጥታ ፍተሻ ሠራተኛ ሻንጣውን ከፍቶ አይቶ፣ እንደ ነበረ ለመመለስ የማይቻለውን እንቆቅልሽ እንደ ምንም ከድኖ ይልከዋል። የደረሰው መንገደኛ ሻንጣውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የታጠፈ የፍሬን ዲስክ ሊሆን ይችላል። ክብደቱም ቢሆን ቀላል ሒሳብ አይደለም። አየር መንገዶች የአንዱን ሻንጣ ጣሪያ ከ32 ኪሎ ወደ 23 ዝቅ ካደረጉ ወዲህ፣ 13 ኪሎ ብስክሌትና ስድስት ሰባት ኪሎ ጠንካራ ሻንጣ ተደምረው ለመፍቻ፣ ለመንፊያና ለትርፍ ካላማዳሪ የሚቀረው ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። የራስ ቆብ በእጅ ይያዛል።

ይህን ሁሉ ማን ይመርጣል ቢባል፣ መልሱ በአንድ ዘመን ግልጽ ነበር። ለሙሉ የብስክሌት ሣጥን ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአንድ አቅጣጫ 150 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቁ ነበር፤ ደርሶ መልስ 300። መጋጠሚያው ጥቂት መቶ ዶላር ካስወጣ በሁለት ሦስት ጉዞ ራሱን ይከፍላል። ዓመት ዓመት ወደ አልፕስ ወይም ወደ ዩታ ቀይ አለት ለሚሄድ ሰው ማጠፊያ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን በክፍያ ላይ የተደረገ መዋዕለ ንዋይ ነበር። የተጣጣፊው ገበያ ትርፍ በከፊል የአየር መንገዱ ደንብ ጥላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ከሁለቱም ወገን ይገኛል። ቶም ሪቺ (ከለንደኑ ሪቺ ጋር ዝምድና የለውም) በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የተራራ ብስክሌትን ከፈጠሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ በኋላ ብሬክ አዌይ የተባለውን ለሁለት ተከፍሎ በሻንጣ የሚገባ ብስክሌት ለገበያ አቅርቧል። በ2005 ወደ ሩዋንዳ ተጉዞ ሲመለስ ግን የነደፈው ብስክሌት የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ኋላው የረዘመ፣ ከአንድ ኩንታል በላይ የቡና ፍሬ ከኮረብታ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያወርድ። የቡና ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ሰዓት በዘገየ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳልና ለገበሬው ፍጥነት ማለት ዋጋ ነው። በአንዱ ንድፍ ብስክሌት ሸክም ለመሆን ይታጠፋል፤ በሌላው ሸክም ለመሸከም ይረዝማል። ንድፍ አውጪው አንድ ነው፤ የተለያዩት በሮቹ ናቸው። የሩዋንዳው ገበሬ በር የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ የሚያስከፍለውም አጓጓዥ የለም፤ ያለው ርቀት ብቻ ነው።

አንድ ማስታወቂያ

በ2008 ሰኔ፣ የነዳጅ ዋጋ ወደ ታሪካዊ ጣሪያው እየወጣ ሳለ፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ከትልልቆቹ መካከል ቀዳሚ ሆኖ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ሌሎቹ ተከተሉ። ነዳጁ ረከሰ፤ ክፍያው ቀረ። ማለትም ጸንቶ ቀረ። ለመንገደኛ ሁሉ መራር የሆነው ይህ ለውጥ ለብስክሌተኛው አንድ ያልታሰበ ነገር አመጣ፤ ሻንጣ ሁሉ የራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲሆን፣ ብስክሌት ለምን ከሌላው ሻንጣ ዐሥር እጥፍ ይከፈልበታል የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

በ2019 ግንቦት ያው አየር መንገድ ለስፖርትና ለሙዚቃ መሣሪያዎች ይጠይቅ የነበረውን የ150 ዶላር ክፍያ አነሳ። ብስክሌት እስከ 23 ኪሎ ድረስ እንደ ማንኛውም ሻንጣ ይቆጠራል ተባለ፤ 62 ኢንች ቀርቶ እስከ 126 ኢንች ድረስ ተፈቀደ። በዚያው ክረምት ዴልታ ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደ። የ1896ቱ ሕግ ከ123 ዓመት በኋላ፣ ያለ ፓርላማና ያለ ገዥ ፊርማ፣ በአንድ አጭር ማስታወቂያ ተደገመ።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በዚያ ግንቦት የአውሮፕላኖቹ ሆድ አንድ ሴንቲ ሜትር አልሰፋም። ጫኚዎቹም ያው ናቸው። ትልቅ ሣጥን በእጅ መነሳት ስላለበት ተጨማሪ ወጪ ማስከተሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪው 150 ዶላር ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ወደ ዜሮ አይወርድም ነበር። ለዐሥርት ዓመታት መሐንዲሶች ቱቦ የቆረጡት፣ መንገደኞች በሆቴል ወለል ላይ ተንበርክከው ግራሶ የነኩት በአብዛኛው ለቦታ እጥረት ሳይሆን ለዋጋ ፖሊሲ ነበር። ብስክሌቱን ይዞ ለመሄድ የወሰነ ሰው የመክፈል ፈቃዱ ከፍተኛ ነውና ተጠየቀ። እነዚያ መጋጠሚያዎች ድንቅ የእጅ ሥራ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ግን ለማኅበረሰቡ ምንም ያልጨመረ ድካም አብሮ ተበይዷል።

ለውጡ ዓለም አቀፋዊ አይደለም። ብዙ አየር መንገዶች በሌሎች መስመሮች አሁንም እንደ ድሮው ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ማጠፊያው አልሞተም። ነገር ግን ከሌላ አቅጣጫ እየተገፋ ነው። ከ2010 ገደማ ወዲህ የተራራ ብስክሌት አምራቾች ባለ 26 ኢንቹን ጎማ ትተው ወደ 27.5ና ወደ 29 ኢንች ተሻግረዋል፤ ምክንያቱ ያው የድንጋዩ ማዕዘን ነው። የባለ 29ኙ ቸርኬ ብቻውን 62 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎማው ነፋስ ተሞልቶ ከ70 ያልፋል። ሣጥኑ ሳይለወጥ ጎማው አደገ። ነፋሱን አስወጥቶ፣ ጎማውን አውልቆ፣ ቸርኬውን በግድ ማስገባት ይቻላል፤ የመታጠፍ ጥቅሙ ግን በየሰዓቱ እየሳሳ ይሄዳል።

በአውሮፓ የባቡር ክርክሩ በሦስተኛ መንገድም ሄዷል። ኔዘርላንዶች ብስክሌቱን ባቡር ላይ ከማሳፈር ይልቅ በየጣቢያው የኪራይ ብስክሌት አስቀመጡ፤ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው አገልግሎት መንገደኛው ባዶ እጁን እንዲወርድ ያስችለዋል። ለጠፍጣፋ አገር ብልህ መልስ ነው፤ የራሱን አሞርዛተርና የራሱን ፍሬን አምኖ ቁልቁለት ለሚወርድ የተራራ ጋላቢ ግን አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ፣ ከብስክሌተኞች ማኅበራት ረጅም ግፊት በኋላ፣ በ2021 ባጸደቀው የባቡር መንገደኞች መብት ደንብ አዳዲስና በሰፊው የሚታደሱ ባቡሮች እንደ መነሻ ቢያንስ አራት የብስክሌት ቦታ እንዲኖራቸው ወስኗል።

አራት። በበጋ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሙኒክ ወደ ደቡብ በሚሄድ ባቡር ላይ ስንት ብስክሌት እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው። አራቱ ማንጠልጠያዎች አስቀድመው ይያዛሉ። አምስተኛው መንገደኛ የሚቀጥለውን ባቡር ይጠብቃል። ስድስተኛው ብስክሌቱን አጥፎ፣ ከሁለት መቀመጫዎች ጀርባ አስገብቶ፣ ተራራው እስኪታይ ጋዜጣውን ያነባል፤ የማንጠልጠያው ቁጥር ይጨመርልን የሚል ፊርማ ሲሰበሰብ ወረቀቱ በእርሱ በኩል ያልፍ እንደ ሆነ ግን እንጃ።